ወፋችን እጅ ባየች ቁጥር ትበረግጋለች፣ ምን ይሻለኛል?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ወፍ ያሳደጋችሁ ሰዎች እስኪ ምክር ለግሱኝ።

የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጄ ወፍ ገዝቶላት መጣ። አረንጓዴ ናት፣ ፊቷ ቢጫ፣ ጀርባዋ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር። ሻጩ «ላቭ በርድ ናት፣ ለማዳ ናት» ብሎ ነው የሸጠለት። ልጄ ሚሚ ብላ ስም አወጣችላት።

ለማዳነቷ ግን የት እንዳለ እንጃ። ምግብ ልጨምር እጄን ሳስገባ ከሽቦው ጋር ትላተማለች። ላባው ይበናል፣ ውሃው ይደፋል። ከዚያ ጥግ ላይ ተለጥፋ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ሌሊት ደግሞ የባሰ ነው። ሁላችንም ተኝተን ድንገት ስትንፈራገጥ እንሰማለን። ጠዋት ስነሣ ክንፏ ላይ ደም አይቼ አውቃለሁ።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው። «እማዬ ሚሚ ትጠላኛለች» ብላ ማኩረፍ ጀምራለች። አማቴ በበኩላቸው «ነፍስ ያለው ነገር ታስሮ ቤት አይቀመጥም፣ ልቀቂያት» ይሉኛል። እውነት ልልቀቃት? ወይስ በጊዜ ይስተካከላል?

አቦነው (ድሬ፣ መጋላ)

አቦ ይሄ ቀላል ነገር ነው። በፎጣ ጠቅለል አድርጊና ያዣት። ትጮሃለች፣ ትነክሳለች፣ ተያት። ሲደክማት ትተዋለች። ክንፏንም ከርከም አድርጊላት፣ ከዚያ የት ትሄዳለች? ያጎቴ ልጅ በቀቀኑን ያስለመደው እንዲህ ነው።

ጋሽ ጁገል (ሐረር)

አቦነው ወንድሜ፣ ከቅንነት እንደተናገርክ ይገባኛል። ግን እንዲህ የተያዘች ወፍ አትለምድም፣ ተስፋ ትቆርጣለች እንጂ። ደንዝዛ ዝም ስትል ሰው «ለመደች» ይላል። በሩን ከፍተህ ብታያት ታውቀዋለህ።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ወፏን እንወቃት። እንደገለጽሻት ከሆነ ባጂ የምትባል ትንሽ የበቀቀን ዓይነት ናት። ላቭ በርድ ሌላ ነው። የኛው አገር ደጋ ላይ እንኳ የዱር ላቭ በርድ አለ፤ አረንጓዴ፣ ክንፉ ሥር ጥቁር፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበት። ባጂ ግን አገሯ አውስትራሊያ ነው። ጆን ጉልድ የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ አጥኚ በ1840 እ.ኤ.አ. በሕይወት ይዟት እንግሊዝ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳረሰች። ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ነው።

ስለዚህ የመልቀቁን ነገር እርሺው። አማትሽ ያሉት ከርኅራኄ ነው። ግን ይቺ ወፍ ኬጅ ውስጥ ተፈልፍላ ኬጅ ውስጥ ያደገች ናት። ጭልፊት ከሰማይ፣ ቁራ ከዛፍ፣ ድመት ከጣሪያ ይጠብቋታል። የት እንደሚበላም አታውቅም። ውላ አታድርም።

አሁን ወደ ፍርሃቷ። ወፍን የሚበላት በአብዛኛው ከላይ ነው የሚመጣው። እኛ ሐረር ሥጋ ተራ ላይ ጭልፊቱ ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቅ እያየን ነው ያደግነው፤ አወራረዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከላይ የምትገባ እጅ ለባጂ ያቺው ናት። በዚያ ላይ የሷ ዓይኖች በግራና በቀኝ ናቸው። ፊት ለፊት በሁለት ዓይን አፍጥጦ የሚያይ እንስሳ ለሷ አዳኝ ነው። ልጅሽ በፍቅር ስታፈጥባት እሷ የሚገባት ሌላ ነው። ጎን ብላችሁ ተቀመጡ። በአንድ ዓይን እንደምታዩ ሁኑ፣ ጨፈን ከፈት አድርጉ።

ሌላ ነገር ከማለቴ በፊት ልጠይቅሽ። ኬጁ ቤት ውስጥ የት ነው ያለው? ከላዩ ምን አለ? ሌሊት የምትንፈራገጠው ስንት ሰዓት ገደማ ነው? ከአፍንጫዋ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ሥጋ መሳይ ነገርስ ቀለሙ ምንድን ነው?

የሳቢያኗ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኬጁ ሳሎን መሃል ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሁላችንም እንድናያት ብለን። ከላይ ቬንትሌተር ብቻ ነው ያለው። አፍንጫዋ ሰማያዊ ነው። የሌሊቱ ሰዓት ይለያያል፤ አንዳንዴ 6 ሰዓት፣ አንዳንዴ 9 ሰዓት። ሰላም የምታድርበትም ሌሊት አለ።

ከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

«ከላይ ቬንትሌተር ብቻ» አልሽ?

እህቴ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? እኛ ቤት ማታ መብራት ከሄደ ማብሪያውን ሳናጠፋ እንተኛለን። ሌሊት ሲመጣ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ቬንትሌተሩ ጉው ብሎ ይነሣል። ሰው እንኳ ክው ይላል። እሷ ደግሞ ልክ ከሥሩ ናት። ሰዓቱ የሚለያየው ለዚህ እንዳይሆን። እስኪ መብራት ሲሄድ ጠብቀሽ እዪ።

ሌላው፣ አፍንጫዋ ሰማያዊ ከሆነ ሚሚ ወንድ ነው። ሴት ብትሆን ቡኒ ወይም ነጣ ያለ ይሆን ነበር። እንኳን ደስ ያላችሁ።

የሳቢያኗ

ወንድ?! ልጄ አልሰማም ብላለች። ሚሚ ሚሚ ነው፣ ስሙ አይቀየርም።

የቬንትሌተሩ ነገር ግን ገርሞኛል። ትናንት ማታ መብራት ሄዶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መጣ። ነቅቼ ነበር። ክንፉ ገና አንድ ዙር ሳይዞር ሚሚ ተነሥቶ ሽቦው ላይ ተወረወረ። ሮጬ አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቶ ወደ እንጨቱ ተመለሰና ዝም አለ።

እንግዲህ ወዴት ልውሰደው? ቤታችን ሳሎንና ሁለት መኝታ ክፍል ነው። ግቢ ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ጥላው ደስ ይላል። እዚያ ልስቀለው?

ጋሽ ጁገል

ከዚራ ጥላ፣ ጎበዝ። አገኘሽው።

ማንጎው ሥር ለብቻው አትተዪው። ጭልፊት ሽቦውን ባይበጥስም ላዩ ላይ ማረፉ ብቻ ይበቃል፤ ባጂ በድንጋጤ ይሞታል። ድመትም መዳፏን በሽቦው መሃል ትሰዳለች። ጠዋት ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ግማሹ ጥላ ሆኖለት ከሆነ ግን ይጠቅመዋል።

ሳሎኑ ውስጥ ጥግ ፈልጊለት። ከጀርባው ግድግዳ፣ ከአንድ ጎኑም ግድግዳ ይሁን። በዚያ በኩል ማንም አይመጣበትም። ከፍታው ስትቆሚ ከደረትሽ እስከ ዓይንሽ ልክ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ሁሉም ነገር ከላዩ ይሆንበታል። በር አጠገብ፣ ቴሌቪዥን አጠገብ፣ ማድቤት አጠገብ አይሁን። ቬንትሌተሩ ክፍሉን ያቀዝቅዝ፣ ነፋሱ ግን እሱ ላይ በቀጥታ አይምጣ። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ማብሪያውን አጥፊ፣ መብራት ኖረም አልኖረም።

ከዚያ እንቅልፍ። ባጂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ድሬ ደግሞ ቀን ተኝታ ማታ የምትነቃ ከተማ ናት። ሙቀቱ ሲበርድ ነው ወሬውም ሻዩም የሚደምቀው። ወፉ ይህን አያውቅም። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሦስቱን ጎን በሽርጥ ወይም በስስ ነጠላ ሸፍኚለት። ፊት ለፊቱን ለአየር ተዪው፤ በድሬ ሙቀት ሁሉንም መሸፈን ማፈን ነው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መብራት ራቅ አድርገሽ ብታስቀምጪ ደግሞ ሌሊት ቢደነግጥ እንጨቱን አይቶ ይመለሳል። ራሱን የሚጎዳው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሲበር ነው።

ይህን ካስተካከልሽ በኋላ ለጥቂት ቀናት ምንም አታድርጊ። እውነቴን ነው። ምግብና ውሃ መቀየር ብቻ። ስትገቢ በስሙ ጥሪው፣ ሁልጊዜ ያንኑ ቃል በይው። እጅሽን ከጎን፣ ዝቅ አድርገሽ አስገቢ። ከላይ የሚከፈት በር ካለው እንደሌለ ቁጠሪው።

ፈላና ማዶ (ሐረር)

እኔ ወፍ የለኝም፣ አንባቢ ብቻ ነኝ። ግን እኛ ከተማ ጅብ ከሰው አፍ ሥጋ ይበላል። ጅቡን ጎትቶ ያስለመደ ሰው ግን የለም። ከግንቡ ውጭ ይቀመጣሉ፣ በስሙ ይጠሩታል፣ ሥጋውን ይዘው ይጠብቃሉ። የፈለገ ይመጣል። ያልፈለገ ጨለማው ውስጥ ቆሞ ያያል፣ ማንም አይከተለውም። ለጅብ ያላስፈለገ ፎጣ ለ30 ግራም ወፍ ምን ያደርጋል?

አቦነው

ሃሃ አቦ ከጅብ ጋር አወዳደርከኝ! እሺ ፎጣው ይቅር። የክንፉን ነገር ግን አልተውም። ድሬ በርና መስኮት ተከፍቶ ነው የሚዋለው። ከወጣ ወጣ ነው፣ አይመለስም። የሰፈራችን ልጅ ባጂ እንዲህ ሄዳ ቀረች።

ሐኪም በሐረማያ መንገድ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የሥራዬ አብዛኛው ከብትና ግመል ነው፣ ወፍ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ቢሆንም ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

የክንፍ ላባ አድጎ ያለቀ ከሆነ ሲከረከም አያምም፤ ጥፍር እንደመቁረጥ ነው። ገና በማደግ ላይ ያለ ላባ ግን ዘንጉ ውስጥ ደም አለ። እሱ ከተቆረጠ ወይም ከተሰበረ ይደማል። እህታችን ክንፉ ላይ ያየችው ደም ከዚህ እንደመጣ እገምታለሁ፤ ሌሊት ሲላተም የተሰበረ ላባ ነው። ለዚህ መጠን ላለው ፍጡር ጥቂት ጠብታ ደም ብዙ ነው። ሲደማ የበቆሎ ስታርች ወይም ንጹሕ ዱቄት ቦታው ላይ ነስንሶ በጥጥ ቀስ ብሎ መጫን ነው። ካልቆመ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት።

ለድንጉጥ ወፍ ክንፍ መከርከምን አልመክርም። መብረር ማምለጫው ነው። እሱን ከነሳኸው የሚቀረው መንከስ ነው። መብረር የማይችል ወፍ ሲደነግጥም ይወድቃል፣ ደረቱ ይመታል። የመስኮቱ ነገር ግን እውነት ነው፣ አቦነው ልክ ነህ። መፍትሔው ወንፊት ሽቦ ነው። ድሬ ወባውም ደንጊውም ስላለ ብዙ ቤት አስቀድሞ አለው። ለትንኝ የተሠራው ለወፍም ይበቃል።

ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው። ሳሎን ብላችኋል። ቡና የሚፈላው የት ነው? ዕጣኑስ? የወፍ ሳንባ እንደኛ ተነፍቶ የሚጨማደድ አይደለም። አየር የሚያዘዋውሩለት ከረጢቶች አሉት፣ አየሩም ሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ኦክስጅን በመሳብ ከኛ የተሻለ ነው። ጭስና መርዝ በመሳብም እንዲሁ። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ሲጋራ፣ ሺሻ፣ የትንኝ መግደያ ፍሊት፣ ሁሉም ለሱ ከባድ ነው። ከሁሉ የከፋው ምግብ የማይዘው መጥበሻ ነው። ቴፍሎን ከተቀባው ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ባጂን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሰው ላይሸተው ይችላል።

ማለከለኩንም ለዩት። ከበረገገ በኋላ አለክልኮ በጥቂት ደቂቃ ካቆመ ድንጋጤ ነው። ክንፉን ከሰውነቱ አራርቆ ቆሞ የሚያለከልክ ከሆነ ሞቆታል፤ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስዳችሁ ውሃ እንደ ካፊያ እርጩለት። ተቀምጦ ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ታሟል፤ ማላመድ ቆሞ ሕክምና ይቀድማል።

የሳቢያኗ

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ ከሆነማ ጉድ ነው። አማቴ ያለ ዕጣን ቡና አይሉትም፤ በቀን ሦስቴ ይጨሳል፣ ያውም ከኬጁ አጠገብ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ባለቤቴ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሳሎን ይቅማል። አንደኛው እየሳቀ ለሚሚ ቀንበጥ ሰጥቶት ነበር፣ እሱም አልናቀውም። በእነዚህ ሰዓታት ወፉን ወደ መኝታ ቤት ላዙረው? ኬጁን ሳነሣው ደግሞ ይበረግጋል።

ከዚራ ጥላ

ወፉን ከማንቀሳቀስ ጀበናውን ማንቀሳቀስ ይቀላል። ቡናው በረንዳ ላይ ይሁን። ለማማ «በረንዳው ነፋሻ ነው» በያቸው፣ ስለ ወፍ ሳንባ ምን አስወራሽ።

ቅዳሜን ግን እኔም አላውቅም። የድሬ ወንድ ከምንጣፉ አይነሣም።

ሐኪም በሐረማያ መንገድ

ጫት በጭራሽ። ልብ የሚያስሮጥ ነገር ነው። ሰው ላይ የሚያደርገውን አስበሽ በወፉ ክብደት አካፍዪው። ድንጉጥ ነው ብለን እያወራን ደግሞ! አቮካዶም መርዙ ነው፤ እዚህ አካባቢ በየቤቱ ስላለ ነው የምናገረው። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው የበዛበት ነገርም እንዲሁ። እንግዳ ሲመጣ «እባካችሁ ከኛ እጅ ብቻ ነው የሚበላው» በሉ።

ቅዳሜ መኝታ ቤት መዋሉ ጥሩ ነው። ግን እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ሳይሆን ቀደም ብለሽ፣ በሽርጡ ሸፍነሽ፣ ቀስ ብለሽ ውሰጂው። በየሳምንቱ ያው ሰዓት፣ ያው ቦታ ከሆነ ይለምደዋል።

ጋሽ ጁገል

ምግቡን እኔ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም የማላመዱ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዳጉሳ ዋናው ይሁን። ጤፍ ጣል ብታደርጊበት ይወደዋል። ቀፊራ ገበያ ሁለቱንም አታጪም። ኑግ በጥቂቱ፤ ቅባቱ ብዙ ነው። (የኛ ኑግ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካና አውሮፓ የሚሸጠው በብዛት ለወፍ ቀለብ መሆኑን ታውቁ ኖሯል? ሰዉ ጓሮው ላይ ሰቅሎ የዱር ወፍ ይጠራበታል።) ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ የማሽላ ብቅል ሳይሻግት። ቃሪያ ከነፍሬው ቢቆረጥም አትደንግጪ፣ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም።

ከዚህ ሁሉ አንድ በጣም የሚወደውን ለይተሽ ከሳህኑ አውጪ። እሱን የሚያገኘው ከሰው እጅ ብቻ ይሁን። ሌላውን ምግብ ግን አትከልክዪው። «ሲርበው ይመጣል» የሚሉ አሉ፤ ባጂ ረሃብ የሚችልበት አካል የለውም።

እኔ የምጠቀመው የማሽላ ዛላ ነው። ሐረርጌ ተኩኖ ማሽላ አይጠፋም። ከነአገዳው፣ ክንድ የሚያህል ይዘሽ ትቆርጪዋለሽ። ጠዋት ገና ሳይበላ ጎን ብለሽ ተቀመጪና ዛላውን በሽቦው መሃል አሳልፊለት፤ እጅሽ ከሩቅ ነው ያለው። መጀመሪያ ይሸሻል። ከዚያ ከሩቅ አንገቱን ያሰግጋል። ዛላው ግን አይንቀሳቀስም፤ ክንድሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊው፣ እንዳይንቀጠቀጥ። አንድ ፍሬ ነጥቆ ይሮጣል። ተመልሶ ሁለት ይነጥቃል። ቆሞ መብላት ሲጀምር አገዳውን በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ አሳጥረሽ ነይ። እንዲህ እያልሽ እጅሽ ወደሱ ይጠጋል፣ እሱ ሳያውቀው። 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ጠዋትና ማታ።

የት ላይ ማቆም እንዳለብሽ ላባው ይነግርሻል። ላባውን ሰውነቱ ላይ አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀጭን ሆኖ ከቆመ አንድ ጣት አትቅረቢ። እዚያው ሁኚ። እጅሽን ድንገት መልሰሽም አትሽሺ። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቱን ያራግፋል፣ ወይም ላባውን ማበጠር ይጀምራል። ያኔ ነው ቀስ ብለሽ እጅሽን የምታወጪው። ከበረገገ በኋላ ካወጣሽ ግን መበርገግ እንደሚያዋጣ ይማራል። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ላባውን ነፋ አድርጎ፣ መንቁሩን ሲያፋጭ ከሰማሽ ደስ ብሎት እንቅልፍ እየወሰደው ነው፤ ተይው።

በሩን ከፍተሽ እጅሽ ውስጥ ሲበላ ጣትሽን እንደ መቆሚያ እንጨት አግድም አድርገሽ ከእግሩ ከፍ ብላ ሆዱ ሥር አስጠጊያት። «ና ውጣ» በይው። ከመውጣቱ በፊት በመንቁሩ ጣትሽን ይይዛል። ንክሻ አይደለም፣ መሬቱ ይጸናል ወይ ብሎ ነው የሚፈትሸው። ያኔ እጅሽን ከሸሸሽ ነገ አይሞክርም።

ብርቱካን ሰፈር

ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። እኔም ባጂ አለኝ። መስታወት ብሰቅልለት ብቸኝነቱ አይቀልለትም? ወይስ ሁለተኛ ወፍ ልግዛ?

ሐኪም በሐረማያ መንገድ

መስታወቱን ተወው። ከመስታወቱ ጋር ፍቅር ይይዘውና አንተን ይረሳሃል። አንዳንዱ እዚያው ቆሞ ምግብ እስከማስታወክ ይደርሳል።

ሁለተኛ ወፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ባጂ በአገሩ የሚኖረው በትልልቅ መንጋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው የሌለበት ቤት ከሆነ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ሁለት ሲሆኑ ሰው የመልመዱ ነገር ይዘገያል፣ ያን ያህል ነው ጉዳቱ። አዲሱን ግን ለ30 ቀን ሌላ ክፍል ለይተህ አቆየው። በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ወደ ሰው የሚተላለፍም አለ።

ጋሽ ጁገል

መስታወቱ ላይ ከዶክተር ጋር ነኝ። በሁለተኛው ወፍ ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። የመጀመሪያው ሳይለምድ ሁለተኛ ካመጣህ አዲሱ ፍርሃቱን ከነባሩ ይማራል። አንዱ ሲበረግግ ሁለቱም ይበረግጋሉ። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ።

ደግሞ አደራ፣ ልጆች ከዱር አጥምደው የሚሸጡትን ወፍ አትግዙ። ጎልምሶ የተያዘ የዱር ወፍ ብዙ ጊዜ ከጭንቀቱ ሳይወጣ ነው የሚሞተው። ሕግም አለ፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥን ይከለክላል።

የሳቢያኗ

ሰላም ሰላም። ጠፋሁ አይደል።

ኬጁ ጥጉን ይዟል፣ ቡናው በረንዳ ወጥቷል። አማቴ ነፋሱን ወደውት ምሳም እዚያ ይሁን ብለዋል። ሌሊት መንፈራገጡ ቆሟል። አንድ ቀን መብራት ሲመጣ ትንሽ ክንፉን አራገበና እዚያው እንጨቱ ላይ ቀረ።

ማሽላውን ግን ከኔ አልተቀበለም። ልጄ ኬጁ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነው የቤት ሥራዋን የምትሠራው። የአማርኛ መጽሐፏን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ስለሆነ አላፈጠጠችበትም መሰለኝ። ዛላውን በግራ እጇ ይዛ በቀኝዋ ትጽፋለች። ረስታው ሳለ መጥቶ ይለቅማል። አገዳው አሁን ከእርሳስ ያጠረ ነው። ትናንት ደግሞ ጣቷን በመንቁሩ ያዝ አደረገና ለቀቃት። «እማዬ ፈተሸኝ!» ብላ ጮኸች፤ እሱም ሸሸ፣ ግን ወዲያው ተመለሰ። እኔ ስቀርብ አሁንም ቀጭን ይሆንብኛል።

ጥያቄ አለኝ። ከኬጁ መውጣት የሚችለው መቼ ነው? ባለቤቴ «ነገ እንልቀቀው፣ ሳሎን ውስጥ ይብረር» እያለ ነው።

ከዚራ ጥላ

ነገ አይሆንም። ጣት ላይ ወጥቶ መውረድ ሲያውቅ ነው። አለበለዚያ ልትመልሱት ስታሳድዱት እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ ገደል ይገባል።

ያ ቀን ሲመጣ ቬንትሌተሩን ከማብሪያው አጥፊና ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጥፊበት፤ አንድ ሰው ሳያስበው ይጫነዋልና። መስታወትና የመስኮት ብርጭቆ ላይ መጋረጃ ይውረድ፣ ሰማይ መስሎት ይላተማል። ድሬ ውሃ በበርሜልና በባልዲ ነው የሚጠራቀመው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ክደኚ፣ ባጂ ባልዲ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ከሰሉ ይጥፋ፣ ድመት ትውጣ። ማታ ምግብ የሚበላበት ሰዓት ሲቃረብ ልቀቁት፣ ምግቡ ኬጁ ውስጥ ይቆየው። ሲርበው ራሱ ይገባል። ካልገባ መብራቱን ቀነስ አድርጊ፣ ሲመሻሽ አይበርም። ያኔ በጣት ታነሺዋለሽ።

የሳቢያኗ

የፕላስተሩ ነገር! ልክ ነሽ፣ ባለቤቴ ሲገባ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

አቦነው

አቦ አሳመናችሁኝ። እኔም አንድ ልይዝ ነው። የሰፈር ብየዳ ቤት ኬጅ ላሠራ ነው፣ ልኬቱን ንገሩኝ። ከቁመት ከፍ ያለ፣ እንደ ማማ ዓይነት አስቤያለሁ።

ጋሽ ጁገል

ማማውን ተወው። ባጂ እንደ ሄሊኮፕተር ወደ ላይ አይነሣም፣ አግድም ነው የሚበረው። ርዝመቱ ከቁመቱ ይብለጥ፤ 80 ሳንቲ ሜትር በ50 ቢሆን ጥሩ ነው። በሽቦና በሽቦ መካከል ከ1.2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ጭንቅላቱ ይገባና ይታነቃል። በሩ ከጎን ይሁን፣ እጅህ በደንብ የሚገባበት። መቆሚያውን የተገዛ ልሙጥ ዘንግ ሳይሆን ያልተረጨ የጉዋቫ ወይም የማንጎ ቅርንጫፍ አድርግለት፤ ውፍረቱ የተለያየ ስለሆነ እግሩ አይቆስልም።

ሐኪም በሐረማያ መንገድ

ሽቦው አዲስ ጋልቫናይዝ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ይመርዘዋል። ቀኑን ሙሉ በመንቁሩ ነው የሚንጠላጠልበት። ካገኘህ የማይዝግ ብረት ይሻላል። ካላገኘህ በኮምጣጤ በብሩሽ ፈትገህ፣ አጥበህ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተህ ነው የምታስገባው።

አቦነው

ቀለም ብቀባውስ? አረንጓዴ።

ሐኪም በሐረማያ መንገድ

ልጦ ይበላዋል። አትቀባው።